በመኖሪያ ተሽከርካሪ ኢንቨርተር የኤሌክትሪክ ማብሰያና የቡና ማሽን መጠቀም

አልጋ፣ ማብሰያና መታጠቢያ ተሟልቶለት ለጉዞ የሚያገለግል የመኖሪያ ተሽከርካሪ ከኤሌክትሪክ መስመር ርቆ ሲቆም በዋናነት የሚተማመነው በባትሪው ነው። ባትሪው የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት፣ አንዳንዴም 24 ወይም 48 ቮልት የሆነ ቀጥተኛ ጅረት ሲሆን፣ የቤት ዕቃዎች ግን እንደየአገሩ በ120 ወይም በ230 ቮልት ተለዋዋጭ ጅረት ይሠራሉ። አንዱን ወደ ሌላው የሚቀይረው መሣሪያ ኢንቨርተር ይባላል። ስልክና ላፕቶፕ ቻርጅ ለማድረግ ትንሽ ኢንቨርተር ይበቃል፤ ማብሰልና ቡና ማፍላት ግን ሙቀት ማመንጨትን ስለሚጠይቁ በተሽከርካሪው ላይ ከሚያርፉት ከባድ የኤሌክትሪክ ጭነቶች መካከል ይመደባሉ።

ዕቃን ከኢንቨርተር ጋር ለማስማማት ሁለት መጠኖችን ለይቶ ማየት ግድ ይላል። አንደኛው ዕቃው በሚሠራበት ቅጽበት የሚስበው ኃይል ሲሆን በዋት ይለካል፤ ሁለተኛው ሥራውን ጀምሮ እስኪጨርስ የሚወስደው ጠቅላላ ፍጆታ ሲሆን በዋት-ሰዓት ይለካል። የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያና የቡና ማሽን በመጀመሪያው መለኪያ ከባድ፣ በሁለተኛው ቀላል ናቸው። አንድ ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ተነስቶ 100 እንዲደርስ 93 ዋት-ሰዓት ያህል ያስፈልገዋል፤ በማንቆርቆሪያውና በኢንቨርተሩ የሚባክነው ሲታከልበት ወደ 120 ይጠጋል፣ ይህም ከ12 ቮልት ባትሪ ላይ 10 አምፔር-ሰዓት ገደማ ነው። ነገር ግን 1500 ዋት የሆነው ማንቆርቆሪያ ይህን ሥራ በአራት ወይም በአምስት ደቂቃ የሚጨርሰው ከባትሪው ከ130 እስከ 140 አምፔር እየሳበ ነው። በዝግታ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ተቃራኒው ነው፤ 200 ዋት ብቻ የሚስብ ከሆነ ለአነስተኛ ኢንቨርተር እንኳ አይከብድም፣ ስምንት ሰዓት ሳያቋርጥ ከሠራ ግን 1600 ዋት-ሰዓት ይበላል።

ብዙ ሰው ኢንቨርተር ሲገዛ ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ዋት ተመልክቶ ይረካል፤ በተግባር ግን ሥራውን የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ ከኢንቨርተሩ በስተጀርባ ያለው ባትሪና ገመድ ነው። የሊድ አሲድ ባትሪ (በመኪና ውስጥ የተለመደው ዓይነት) 100 አምፔር-ሰዓት ሲባል በተለመደው አለካክ ለ20 ሰዓት 5 አምፔር እየሰጠ የሚቆይ ማለት ነው። 130 አምፔር ሲጠየቅ የሚሰጠው ጠቅላላ መጠን በብዙ ይቀንሳል፣ ቮልቴጁም ወዲያው ይወርዳል፤ ቮልቴጁ ኢንቨርተሩ ከሚቀበለው ዝቅተኛ ገደብ ሲደርስም፣ ባትሪው ገና ኃይል እያለው ኢንቨርተሩ ይጠፋል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የተባለው ዓይነት፣ ይህን ቁስ በ1990ዎቹ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የጆን ጉድኢናፍ ቡድን ለባትሪ እንደሚሆን ካሳየ ወዲህ የዳበረ ሲሆን፣ በከባድ ጭነት ሥር እንኳ ቮልቴጁን ይዞ ይቆያል። 12.8 ቮልትና 100 አምፔር-ሰዓት የሆነው 1280 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ይሁን እንጂ በውስጡ ያለው የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ በብዙዎቹ ዘንድ ከ100 አምፔር በላይ ለረጅም ጊዜ እንዲወጣ አይፈቅድም፤ የኢንቨርተሩ ብክነት ሲቀነስ ለዕቃው የሚደርሰው ከ1150 ዋት ብዙም አይበልጥም። ባለ 2000 ዋት ኢንቨርተር ከእንዲህ ዓይነት አንድ ባትሪ ጋር ተገናኝቶ 1500 ዋት ማንቆርቆሪያ ሲሰካበት ድንገት የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው፤ መፍትሔውም ሁለተኛ ባትሪ በትይዩ፣ ማለትም አዎንታዊውን ከአዎንታዊ አሉታዊውን ከአሉታዊ ጋር፣ ማያያዝ ነው።

ገመዱ ከባትሪው ባላነሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። 35 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ገመድ በሄደበትና በተመለሰበት በድምሩ 4 ሜትር ቢረዝም፣ 140 አምፔር ሲያልፍበት 0.28 ቮልት ያህል ይጠፋል፣ 40 ዋት የሚጠጋ ሙቀትም ገመዱ ላይ ይቀራል። 70 ካሬ ሚሊሜትር ሲሆን ኪሳራው በግማሽ ይቀንሳል። ብሎኑ በደንብ ያልጠበቀ መገናኛ ግን ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው፤ ሙቀቱ በአንዲት ነጥብ ላይ ስለሚከማች ፕላስቲኩን ያቀልጣል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ፊውዙ ለባትሪው በጣም ቀርቦ መቀመጥ አለበት። ለሊቲየም ባትሪ ደግሞ ክላስ ቲ የሚባለው ፊውዝ ይመረጣል፤ ባትሪው በአጭር ዑደት ጊዜ ሺዎች አምፔር መልቀቅ ስለሚችል ደካማ ፊውዝ ቢቃጠልም ብልጭታው ሊቀጥል ይችላል። ሥርዓቱን ወደ 24 ቮልት ማሳደግ ለተመሳሳይ ጭነት ጅረቱን በግማሽ፣ በዚያው ገመድ ላይ የሚባክነውን ሙቀት በአራት እጥፍ ይቀንሳል። አዲስ ተሽከርካሪ የሚያደራጅና ማብሰያውን በሙሉ ኤሌክትሪክ ለማድረግ ያሰበ ሰው ከ12 ቮልት ባይጀምር ይሻለዋል።

ከኢንቨርተሩ የሚወጣው ሞገድ ንጹህ ሳይን፣ ማለትም እንደ ቤት መስመር ለስላሳ፣ ሊሆን ወይም በደረጃ የተቆራረጠ ሊሆን ይችላል። ተራ ማንቆርቆሪያ በሁለቱም ይሠራል፤ ማይክሮዌቭ፣ ኢንዳክሽን ምድጃ (ድስቱን ራሱን በመግነጢስ የሚያሞቀው) እና ዲጂታል መቆጣጠሪያ ያለው የቡና ማሽን ግን ንጹሁን ይፈልጋሉ። በቮልት-አምፔር (ቮልቱ በአምፔሩ ተባዝቶ) የተጻፈ አቅም ከዋቱ ከፍ ብሎ እንደሚገኝ፣ ኢንቨርተሩ ሲግልም አቅሙ እንደሚቀንስ መታወቅ አለበት። ትልቅ ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበት 20 ዋት ቢወስድ በ24 ሰዓት 480 ዋት-ሰዓት ይሆናል፣ ይህም አራት ሊትር ውኃ ያፈላ ነበር። ስለዚህ ቡናው እንደተቀዳ ማጥፋት ተገቢ ነው።

የዕቃዎቹም ጠባይ ይለያያል። ማይክሮዌቭ ላይ የተጻፈው 1000 ዋት ምግቡ የሚያገኘው እንጂ ዕቃው የሚስበው አይደለም፤ የሚስበው 1500 ይጠጋል። ብዙ ኢንዳክሽን ምድጃዎች ዝቅ ባለው ደረጃ ላይ ኃይላቸውን ከመቀነስ ይልቅ በከፍተኛው እየበሩ እየጠፉ ይሠራሉ፤ መቆጣጠሪያውን ዝቅ ማድረግ ለኢንቨርተሩ እፎይታ የማይሆነው ለዚህ ነው። የሚያንጠባጥብ የቡና ማሽን ከ800 እስከ 1200 ዋት ይስባል፣ ቡናው ከወረደ በኋላም የታችኛው ሳህን መሞቁን ይቀጥላል፤ ቡናውን ወዲያው ወደ ፔርሙስ መገልበጥ ይህን ፍጆታ ያስቀራል። ትልቅ የውኃ ጋን ያለው ኤስፕሬሶ ማሽን ለአንድ ሲኒ ብሎ ጋኑን በሙሉ ስለሚያሞቅ ለባትሪ አይመችም፤ ውኃውን ሲያልፍ ብቻ የሚያሞቀው ዓይነት የተሻለ ነው። በመኪና ሶኬት የሚሰካ 150 ዋት ባለ 12 ቮልት ማንቆርቆሪያ ኢንቨርተር አያስፈልገውም፣ አንድ ሊትር ለማፍላት ግን ከ40 ደቂቃ በላይ ያስጠብቃል።

አንድ ኪሎ ፕሮፔን ጋዝ ሲቃጠል ወደ 12.8 ኪሎዋት-ሰዓት ሙቀት ይሰጣል፤ ከላይ የተጠቀሰው ሊቲየም ባትሪ አሥር ጊዜ ሞልቶ ቢወጣ የሚሰጠውን ያህል መሆኑ ነው። ለረጅም ቅቅልና ለመጋገር ጋዝን ማስቀረት የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው። በአንጻሩ ኤሌክትሪክ በጠባብ ክፍል ውስጥ ነበልባልን፣ ከነበልባሉ የሚወጣውን እንፋሎትና ካርቦን ሞኖክሳይድን አያስከትልም፤ ይህ ለሚተኙበት ክፍል ትልቅ ጥቅም ነው። የወጣውን ለመመለስ 400 ዋት የሶላር ሰሌዳ በጥሩ ፀሐይ በቀን ከ1.2 እስከ 2 ኪሎዋት-ሰዓት ሊያስገባ ይችላል፤ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ከአልተርኔተሩ (በሞተሩ ከሚዞረው የኤሌክትሪክ ማመንጫ) በተቆጣጣሪ ቻርጀር በኩል ይሞላል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ግን ሙቀቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲወርድ መሞላት የለበትም፤ በብርድ ሌሊት ማግስት ቡና ማፍላት ቢቻልም፣ ማሞቂያ ያልተገጠመለት ባትሪ እስኪሞቅ ድረስ ከሶላር ሰሌዳው የሚመጣው ኃይል ወደ ባትሪው አይገባም።