በጥልቅ ቅዝቃዜ ብረትን ማከም ምንድን ነው? የሞተርንና የፍሬንን ዕቃስ ያጠነክራል?

ክራዮጂኒክ ሕክምና የሚባለው፣ በእሳት ተሠርቶ የጠነከረን የብረት ዕቃ በናይትሮጅን ቀስ በቀስ እስከ -190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ማቀዝቀዝ፣ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ቀን ያህል በዚያው ማቆየትና እንደገና ቀስ ብሎ ወደ ቀድሞ ሙቀቱ መመለስ ነው። ቅዝቃዜው በድንገት ቢመጣ ዕቃው ሊሰነጠቅ ስለሚችል ሥራው ጥድፊያ አይወድም።

አረብ ብረት ግሎ ዘይት ውስጥ ሲነከር፣ ኦስቴናይት የተባለው ለስላሳ የውስጥ አደረጃጀቱ ማርቴንሳይት ወደሚባለው ጠንካራ አደረጃጀት ይለወጣል፤ ካርቦኑ ከፍ ያለ ከሆነ ግን ለውጡ ሳያልቅ ጥቂት ኦስቴናይት ይቀራል። ይህን ቅሪት በአብዛኛው ለመጨረስ -80 ዲግሪ እንኳ ይበቃል። ጥልቁ ቅዝቃዜ የሚጨምረው፣ ዕቃው በኋላ መለስተኛ ሙቀት ሲያገኝ እጅግ ደቃቅ የካርባይድ (ካርቦን ከብረት ጋር የሚፈጥረው ጠንካራ ውህድ) ቅንጣቶች እንዲበዙ ማድረግ ነው። አዲሱ ማርቴንሳይት ተሰባሪ ስለሆነ ያ የመጨረሻ ሙቀት ሊዘለል አይገባም። ስለዚህ ጥቅሙ ከጥንካሬ ይልቅ መበላትን መቋቋም ሲሆን፣ የሚታየውም እንደ ማርሽና ኩሽኔታ ባሉ ከጠንካራ አረብ ብረት በተሠሩ ዕቃዎች ላይ ነው። የአሉሚኒየም ፒስተን ኦስቴናይት ስለሌለው ከዚህ ለውጥ የሚያገኘው የለም።

የፍሬን ዲስክ ነገር ግን ሌላ ነው፤ እኔም አጥብቄ ልናገር የምፈልገው ስለ እሱ ነው። ከሐረር ተነሥቶ የደንገጎን ጠመዝማዛ ወርዶ ድሬዳዋ የገባ ሰው የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ያውቃል፤ ጎማው ሲፈታም ዲስኩ ሰማያዊ መልክ ይዞ ሊገኝ ይችላል። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና 800 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 35 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል፤ ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ካልወረደ አብዛኛው ሙቀት ዲስክና ሸራው ላይ ያርፋል። ዲስኩ የሚሠራው ግራፋይት (ለስላሳ ካርቦን) ካለበት ካስት አይረን (ቀልጦ በቅርጽ ከሚፈስ ብረት) ስለሆነ፣ ቅዝቃዜ የሚለውጠው የኦስቴናይት ቅሪት በተለመደው ዲስክ ውስጥ የለም። ዲስኩ ቢበላ እንኳ ቀስ ብሎ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ሰው የሚያስፈራው ግን የሸራው መጋልና የፍሬን ዘይቱ መፍላት ነው። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 140 ብቻ ነው። ዘይቱ ከፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ስለሚጨመቅ፣ ዲስኩ የቱንም ያህል ቢታከም ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይሰምጣል።