በተዋሕዶ ጋብቻ ውስጥ ራስን መስጠትና እርቅ፦ ከተክሊል እስከ ሽምግልና

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተክርስቲያን ጋብቻ ከሰባቱ ምስጢራት አንዱ ነው። በድንግልና ለቆዩ በተክሊል ይፈጸማል፣ ዘውድ ይደፋላቸዋል፣ ካባ ይለብሳሉ፣ ቀለበት ያደርጋሉ። ላልቆዩት ወይም የትዳር ጓደኛ ሞቶባቸው ድጋሚ ለሚያገቡ ደሞ ተክሊሉ ይቀርና ሌላ ጸሎት ይደረግላቸዋል። በሁለቱም ግን ዋናው ነገር አብሮ መቁረቡ ነው፣ ከዛ በኋላ ተነስቶ ተፋታሁ ማለት ቀላል ስላልሆነ ብዙ ሰው ይፈራዋል፣ ለዛም ነው ድሮ አብዛኛው ህዝብ በሰማንያ (በሽማግሌዎች ፊት በሚደረግ ውል) ተጋብቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ኩሎ ድሮ፣ እርጅና ሲመጣ ነበር ባልና ሚስት ተያይዘው የሚቆርቡት። ካህናት ግን ድጋሚ የማግባት ምርጫ የላቸውም፣ ቄስ ሚስቱ ብትሞትበት እንኳ ሌላ ካገባ በክህነቱ አያገለግልም።

የትምህርቱ መሰረት ኤፌሶን ምዕራፍ 5 ነው። ሰርግ ላይ ሁሌ የሚነሳው «ሚስቶች ሆይ ተገዙ» የሚለው ይሁን እንጂ ከሱ በፊት ቁጥር 21 ላይ ሁለቱም እርስ በርስ እንዲገዙ ተጽፏል፣ ቁጥር 25 ላይ ደሞ ክርስቶስ ስለ ቤተክርስቲያን ራሱን አሳልፎ እንደሰጠ ባልም ሚስቱን እንዲሁ ይውደድ ይላል። ማለትም ራስህን ስጥ ተብሎ በስም የተጠራው ባልየው ነው። በተግባር ግን እኛ ጋ መስዋዕትነቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ከሷ ነው፣ «ቻይው፣ ትዳር እኮ እንዲህ ነው» ትባላለች (እሱን ቻለው የሚለው ሰው ብዙም አይገኝም)።

ሲጣሉ መጀመሪያ የሚደረሰው የንስሐ አባት ጋ ነው። የሁለቱም አባት አንድ ከሆነ ጥሩ ነው ይባላል ምክንያቱም የቤቱን ነገር ከሁለቱም ወገን ያውቃል፣ የተናዘዙትን ግን አንዱ ጋ ወስዶ አያወራም፣ ያጠፋው ሰው ጾም፣ ስግደት፣ ምጽዋት ቀኖና ይሰጠዋል። ነገሩ ከዛ ካለፈና ሚስት አኩርፋ ወላጆቿ ቤት ከገባች ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌ የሚሆኑት የሁለቱ ቤተሰብ ትልልቅ ሰዎች፣ የክርስትና አባት፣ አንዳንዴ ቄሱ ራሳቸው፣ አንዳንዴም ሚዜው ናቸው፣ ሚዜ ድሮም ለሙሽራዋ እንደ ወንድም ሆኖ ነው የሚገባላት። አጥፊው ይለያል፣ ካሳ ካለ ይካሳል፣ በየገጠሩ ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ መውደቅም አለ፣ ከዛ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተባብለው ይመረቃሉ። ጥሩ ሽማግሌ የሚታወቀው ግን ከምርቃቱ በኋላ ነው፣ ዞር ብሎ ቤታቸውን የሚያይ፣ ገንዘቡ እንዴት ሆነ መጠጡስ ብሎ የሚጠይቅ። ብዙው ግን በዛው ቀን አስታርቆ፣ በልቶ ጠጥቶ ይሄዳል፣ በወሩ ያው ጸብ ተመልሶ ይመጣል።

ዱላ ያለበት ቤት ላይ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን ጥቃት ወንጀል ስላደረገው ሽማግሌ ታረቁ ስላለ ብቻ የሚዘጋ ነገር አይደለም፣ ንስሐ ሳይገባና ጠባዩን ሳይለውጥ እሷን መልሱልኝ የሚልም እርቅ ሳይሆን ሚስቱን ነው የፈለገው።

መንግስትም ለሽማግሌ ቦታ ትቷል። በ1952ቱ የፍትሐብሔር ሕግ ፍቺን የሚወስኑት የቤተዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ፣ በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ስልጣኑን ለፍርድ ቤት ሰጥቶ እነሱን ወደ ማስታረቅ ብቻ መለሳቸው፣ ዳኛውም ፍቺ ለጠየቁ ከ3 ወር ያልበለጠ የማሰቢያ ጊዜ መስጠት ይችላል። በቁርባን ለተጋቡ ግን የፍርድ ቤቱ ወረቀት ብቻውን አይበቃም፣ በማቴዎስ 19፥9 መሰረት በዝሙት ምክንያት ካልሆነ ቤተክርስቲያን ፍቺን አትፈቅድም፣ ተለያይተው የሚኖሩትንም 1ኛ ቆሮንቶስ 7፥11 ወይ ሳታገቡ ኑሩ ወይ ታረቁ ይላቸዋል፣ ከታረቁ ደሞ ቀኖናቸውን ጨርሰው እንደገና አብረው ይቆርባሉ።