በግሩፕ ንድፈ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ የይፋ ቁልፍ ምስጠራ ደኅንነት

የይፋ ቁልፍ ምስጠራ፣ ተገናኝተው የማያውቁ ሁለት ወገኖች ሌላው ሁሉ በሚያዳምጠው መስመር ላይ የጋራ ምስጢር እንዲያበጁ የሚያስችል ዘዴ ነው። ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን በ1976 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ስልት ደኅንነቱን ያገኘው አንድ ቁጥር ስንት ጊዜ በራሱ እንደተባዛ፣ ውጤቱ በሌላ ትልቅ ቁጥር ሲካፈል የሚተርፈውን ቀሪ ብቻ አይቶ ማወቅ እጅግ አድካሚ በመሆኑ ነው። ነገር ግን ፒተር ሾር በ1994 ኳንተም ኮምፒውተር ይህን ስሌት በአጭር ጊዜ እንደሚፈታው ስላሳየ፣ ተመራማሪዎች የብዜት ቅደም ተከተል ሲለወጥ ውጤቱም ወደሚለወጥባቸው ግሩፖች፣ ማለትም ሁለት አባላት ሲባዙ ሌላ አባል ወደሚሰጡባቸውና እያንዳንዱ አባል ብዜቱን የሚሽር ተቃራኒ ወዳለባቸው ስብስቦች፣ ፊታቸውን አዞሩ።

ከእነዚህ መካከል ብዙ ተስፋ የተጣለበት ኤሚል አርቲን በ1925 ያጠናው የሹሩባ ግሩፕ ነው። አባላቱ እንደ ጸጉር ሹሩባ እርስ በርስ የሚተላለፉ ክሮች ሲሆኑ፣ አንዱን ሹሩባ ከሌላው ሥር መቀጠል እንደ ብዜት ይቆጠራል። አንድ ይፋ ሹሩባ በምስጢራዊ ሹሩባና እርሱን መልሶ በሚፈታው ተቃራኒ ሹሩባ መካከል ገብቶ ሲገመድ ውጤቱ ለሁሉም ይታያል፤ ምስጢራዊውን ከውጤቱ ፈልቅቆ ማውጣት ግን ከባድ ነው ተብሎ ታሰበ። በ1999 አይሪስ አንሼል፣ ማይክል አንሼልና ዶሪያን ጎልድፌልድ፣ በ2000 ደግሞ የኮሪያ ተመራማሪዎች በዚህ ላይ የቆሙ የቁልፍ ልውውጦችን አቀረቡ።

እኔ ከሁሉ በላይ ትምህርት አዘል ሆኖ የማገኘው የእነዚህ አወዳደቅ ነው። ስቲቨን ቢግሎውና ዳን ክራመር እያንዳንዱ ሹሩባ ምንም ሳይጓደልበት በማትሪክስ፣ ማለትም በረድፍና በዓምድ በተደረደረ የቁጥሮች ሰንጠረዥ፣ ሊጻፍ እንደሚችል አረጋገጡ። በ2003 ቾንና ጁን ይህንኑ ተጠቅመው የኮሪያውን ስልት ሰበሩ፤ የእነ አንሼልን ስልት ደግሞ ቦዓዝ ጻባን ቆይቶ በተመሳሳይ መንገድ ሰበረው። ሁለቱም ጥቃቶች ምስጢራዊውን ሹሩባ አላገኙም፤ ማግኘትም አላስፈለጋቸውም። በማትሪክሶች መካከል እርሱን የሚተካ መፍትሔ ፈልገው ወደ ጋራ ቁልፉ ደረሱ። ስለዚህ ከባዱ ጥያቄ ሳይፈታ ምስጢሩ ተገለጠ።

ፒዮትር ኖቪኮቭ በ1955 እንዳረጋገጠው፣ ሁለት አጻጻፎች አንድን አባል ያመለክቱ እንደሆነ በማንኛውም የስሌት ሥርዓት ሙሉ በሙሉ ሊወሰን የማይችልባቸው ግሩፖች አሉ። ይህም ቢሆን ዋስትና አይሆንም፤ ምክንያቱም ማረጋገጫው የሚናገረው አንዳንድ ጥያቄዎች እንደማይፈቱ ሲሆን፣ ቁልፍ የሚወጣው ግን በዕጣ ነው፤ በዕጣ የሚደርሱት ደግሞ አብዛኞቹ ቀላል ሊሆኑ ይችላሉ። በሹሩባ ግሩፕ ላይ ቆሞ በ2017 የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ኳንተም ኮምፒውተርን የሚቋቋሙ ስልቶችን ለመምረጥ ላዘጋጀው ውድድር የቀረበው ዋልነት የተባለው የዲጂታል ፊርማ ስልትም የሐሰት ፊርማ ሊሠራበት እንደሚችል ታይቶ ወደ ሁለተኛው ዙር አላለፈም።