የዲስክ ፍሬን አዳፕተር ምንድን ነው?

ሐዋሳ ሜዳ ናት፤ ለሳይክል የተመቸች። ከታቦር ተራራ ቁልቁል ስትወርዱ ግን ፍሬን ምን እንደሆነ በደንብ ይገባችኋል። በተለይ በክረምት፣ ጭቃ ቸርኬውን ሲሸፍነው፣ የድሮው የላስቲክ ፍሬን ይጮሃል እንጂ አይዝም።

ጎረቤቴ በዚህ ተማሮ አዲስ የዲስክ ፍሬን ገዛ። ሳይክሉ ባለ 26 ኢንች ጎማ ነው፣ የፊት ሾኩም፣ ማለትም የፊት ጎማውን በሁለት እግር የያዘው ክፍል፣ የድሮ። የሠፈራችን ሳይክል ሠሪ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ካሊፐሩን፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት፣ ዲስኩን፣ ግራና ቀኝ ቆንጥጦ የሚይዘውን ክፍል፣ ሾኩ ላይ አስጠግቶ አየው። ቀዳዳው አልገጠመም። «ወንድሜ፣ ይሄ አዳፕተር ይፈልጋል» አለው። ጎረቤቴ የሰማው «ሌላ ብር ጨምር» የሚለውን ብቻ ነው።

አዳፕተር በሾኩና በካሊፐሩ መሀል የምትገባ ትንሽ የብረት ቁራጭ ናት፤ ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም። የማይገናኙ ቀዳዳዎችን ታገናኛለች፣ ካሊፐሩንም ከዲስኩ ጠርዝ በልኩ ታርቀዋለች።

ቀዳዳዎቹ ለምን አይገናኙም? ብዙ የድሮ ሾኮች ላይ ያለው አሠራር አይኤስ ይባላል። ከሾኩ የግራ እግር ወደ ኋላ የወጣች ጆሮ የመሰለች ነገር አለች። ሁለት ቀዳዳ አላት፤ በመሀላቸው 51 ሚሊ ሜትር ነው። ቀዳዳዎቹ ጥርስ የላቸውም፣ ቡሎኑም የሚገባው ከጎን ነው። የዛሬ የተራራ ሳይክል ካሊፐሮች ግን የሚሠሩት ፖስት ማውንት ለሚባል ሌላ አሠራር ነው። የእሱ ርቀት 74 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ቡሎኑ ከኋላ ወደ ፊት ገብቶ ሾኩ ውስጥ ባለው ጥርስ ይጠብቃል። ለመለየት ማስመሪያ አያስፈልግም። ቀዳዳው ወደ ጎን ካየ አይኤስ ነው፤ ወደ ኋላ ካየ ፖስት። ድሮ የተሠራ ሁሉ አይኤስ ነው ብላችሁም አትደምድሙ፤ ማኒቱ የሚባለው ፋብሪካ ሾኮች ላይ ፖስት ማውንት ገና ድሮ ነበረ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጠኑ ላይ ነው። ዲስክ ብዙውን ጊዜ 160፣ 180 ወይም 203 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ አዳፕተሩም የሚገዛው በዚያው ቁጥር ነው። ከ160 ወደ 180 ስትሄዱ ካሊፐሩ 10 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል። የ180ን አዳፕተር ከ160 ዲስክ ጋር ካሰራችሁት የፍሬኑ ሸራ የዲስኩን ጫፍ ብቻ ነው የሚነካው። ደግሞ ትልቅ ዲስክ ሁሌ ይሻላል ማለት አይደለም። ሾኩን የሠራው ፋብሪካ ከ160 አትለፉ ካለ፣ አትለፉ።

ጆሮዋ ጭራሽ ከሌለችስ? ያኔ አዳፕተር ምንም አይፈይድም። «ብየዳ ቤት እናስበይዳት» የሚል አይጠፋም፤ እኔም ሰምቻለሁ። ብዙ ሾኮች የታችኛው እግራቸው ማግኒዚየም ነው፤ እንደ ተራ ብረት አይበየድም፣ እሳትም ይይዛል። ቢበየድ እንኳ ነገሩ አያልቅም። የላስቲክ ፍሬን የሚይዘው ከአክሰሉ ርቆ ቸርኬው ላይ ነው። 160 ዲስክ ግን ከባለ 26 ቸርኬ ሲሶ አይሞላም። ሳይክሉን እኩል ለማቆም ዲስኩ ላይ ከሦስት እጥፍ በላይ ጉልበት ያስፈልጋል፣ ያ ጉልበት ሁሉ የሚያርፈው ደግሞ አንዱ እግር ላይ ነው። ለዚህ ታስቦ ያልተሠራ እግር ቁልቁለት ላይ ከተሰበረ መጀመሪያ መሬት የሚነካው ፊታችሁ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ካሊፐሩ ከእግሩ ኋላ ስለሚቀመጥ ፍሬን ስትይዙ አክሰሉን ወደ ታች ይገፋዋል፣ ከሾኩ ሊያወጣው ማለት ነው። በላስቲክ ፍሬን ጊዜ ላላ ብሎ ዝም ያለ የጎማ ማጥበቂያ፣ በዲስክ ጊዜ ዝም አይልም።

የጎረቤቴ ሾክ ጆሮ ነበረው። የ160 አዳፕተር ተገኘ፣ ካሊፐሩም ታሰረ። ከዚያ ሠሪው ዲስኩን አነሳና የፊት ጎማውን ሞዞ፣ ማለትም አክሰሉ የሚያልፍበትን የጎማውን መሀል፣ አገላብጦ አየ። ዲስክ የሚታሰርባቸው ስድስቱ ቀዳዳዎች የሉም። ሞዞው ለዲስክ የተሠራ አልነበረም። አሁን አዲሱ ካሊፐር ባዶውን ተሰቅሎ፣ ጎረቤቴ በላስቲኩ ፍሬን እየጮኸ ፒያሳ ይመላለሳል። ለዲስክ የተሠራ ጎማ እየፈለገ ነው።