ጠጥቶ መንዳትና የካናዳ ድንበር፦ ሰርግ በመጣ ቁጥር የምሰማቸው ስህተቶች

ሰመር ሲመጣ የቶሮንቶ ሰርግ ይበዛል፤ የእኔም ስልክ አያርፍም። ሥራዬ የኢሚግሬሽን ወረቀት መሙላት ነው። ከአሜሪካ በመኪና የሚሄዱ ወገኖች ይደውሉልኛል፤ ችግሩ የሚደውሉት በዋዜማው ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፦ «ጠጥቼ ስነዳ ተይዤ ነበር፤ ግን ሚስዲሚነር ነው፣ ቅጣቴን ከፍያለሁ፣ አለቀ።» ኧረ አላለቀም! ካናዳ ድንበር ላይ ሊያስመልሳችሁ ይችላል። አሜሪካ ጥፋቱን ቀላል ብላ መመደቧ ካናዳን አያገባትም። እዚያ የሚታየው ድርጊቱ በካናዳ ሕግ ምን ያህል እንደሚያስቀጣ ነው። ካናዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 የጠጥቶ መንዳትን ከፍተኛ ቅጣት ከ5 ወደ 10 ዓመት እስራት ከፍ አደረገች። በኢሚግሬሽን ሕጉ ከባድ ወንጀል ሆነ ማለት ነው። ድሮ አንድ ጥፋት ብቻ ያለበት ሰው ቅጣቱን ጨርሶ 10 ዓመት ሲሞላው በራሱ ይነጻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለተፈጸመ ጥፋት ይህ በር ተዘግቷል።

አንዱ ሚዜ ነበር። ሱፉን ከኋላ ወንበር ሰቅሎ ከበፋሎ የፒስ ብሪጅን ተሻገረ። ፎርት ኢሪ ላይ ፓስፖርቱ ሲታይ የ2020ው ጉዱ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። የካናዳ ድንበር ጠባቂዎች የኤፍቢአይን የወንጀል መዝገብ ያያሉ። ሰርጉን በቪዲዮ ተመለከተ።

«እኔ ሲቲዝን ነኝ» ለምትሉ፦ የአሜሪካ ናችሁ እንጂ የካናዳ አይደላችሁም።

«እኔ ተሳፋሪ ነኝ፣ አልነዳም» ለምትሉም፦ የሚታየው የናንተ መዝገብ ነው፣ መሪውን ማን ያዘ አይደለም።

መፍትሔው ቲአርፒ የሚባለው ጊዜያዊ የነዋሪነት ፈቃድ ነው። «ድንበር ላይ ከፍለህ ትገባለህ» የሚል ወሬ ግን አለ። የአሜሪካ ዜጋና ግሪን ካርድ ያለው እዚያው ማመልከት መቻሉ እውነት ነው። ሆኖም መኮንኑ የመግባታችሁን አስፈላጊነት ከስጋቱ ጋር መዝኖ ይወስናል። ክፍያው ከ200 የካናዳ ዶላር በላይ ነው፤ ብትከለከሉም አይመለስም። ስለዚህ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የቅጣት ደረሰኝ፣ የሰርግ ጥሪውን ያዙ። ጊዜ ካለ ደግሞ ከወራት በፊት አመልክቱ።

ፈቃዱ ቢበዛ 3 ዓመት ነው። ዳግም መግባት ካልተፈቀደበት ደግሞ ከካናዳ ስትወጡ ያበቃል። ናያግራን በአሜሪካ በኩል ልይ ብላችሁ ድልድዩን ከተሻገራችሁ፣ ሻንጣችሁ ቶሮንቶ ቀረ።

ለዘለቄታው ሪሃቢሊቴሽን (የድሮው ጥፋት ከእንግዲህ ካናዳ ከመግባት እንዳያግዳችሁ የሚያደርግ የኢሚግሬሽን ውሳኔ) ማመልከት ነው፤ ቅጣቱ ካበቃ 5 ዓመት ሲሞላ። የሚቆጠረው ከተያዛችሁበት ቀን ሳይሆን ፕሮቤሽኑን (ፍርድ ቤት የሚያዘውን የክትትል ጊዜ) ጨምሮ ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ያ ቀን መቼ እንደሆነ ካላወቃችሁ መጀመሪያ ፍርድ ቤቱን ጠይቁ፤ ከዚያ ደውሉልኝ።