ናይትሬት ምንድን ነው? የድሬዳዋ ጉድጓድ ውሃና የጡጦ ሕፃን

ድሬዳዋ ላይ ስለ ውሃ ወሬ ከተነሳ መጀመሪያ የሚታማው ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ነው። እሱ በአብዛኛው ካልሲየም ነው፤ ዕቃ ያበላሻል፣ ሳሙና አላረፋ ይላል። ለሕፃን ይበልጥ የሚያሰጋው ግን ስሙ ብዙም የማይነሳው ናይትሬት ነው። አይታይም፣ አይሸትም፣ ጣዕሙም አያስታውቅም።

ናይትሬት ናይትሮጅንና ኦክስጅን የተዋሃዱበት፣ ውሃ ውስጥ በቀላሉ የሚሟሟ ነገር ነው። ቀይ ሥርና ሰላጣ ውስጥም ሞልቷል፤ ስለዚህ ስሙን ሰምቶ መደንገጥ አያስፈልግም። ጥያቄው መጠኑና የሚጠጣው ሰው ዕድሜ ነው።

እርሻ በበዛበት አገር ከማዳበሪያ ይመጣል። ድሬ ላይ ዋናው ምንጭ ሽንት ቤት ነው። ከጉድጓድ ሽንት ቤትና ከሴፕቲክ ታንክ የሚሰርገውን ቆሻሻ የአፈር ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ አሸዋው አያስቀረውም፣ ውሃ ይዞት ይወርዳል። ከተማዋ ደግሞ የምትጠጣው ከከርሰ ምድር ነው። ሳቢያን በሚባለው የከተማዋ ሰፈር ያሉት ጉድጓዶች ዙሪያቸውን ቤት በቤት ሆነዋል፤ በከተማዋ ጉድጓዶች ላይ የተደረጉ ምርመራዎችም ከፍ ያለ ናይትሬት ደጋግመው አግኝተዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ይህ ቁጥር የወጣው ስድስት ወር ያልሞላቸውን፣ በተለይ ጡጦ የሚጠቡትን ሕፃናት ታስቦ ነው። ሰውነት ውስጥ ናይትሬት ወደ ናይትራይት ይለወጣል፤ ናይትራይት የደሙን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን መሸከም ወደማይችል ዓይነት ይቀይረዋል። አዋቂ ሰው ይህን መልሶ የሚያስተካክል ኤንዛይም አለው፣ ሕፃኑ ግን ገና አልጠነከረለትም። ተቅማጥ ከያዘው ይብስበታል። ከንፈሩና የጥፍሩ ሥር ይጠቁራል፣ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፤ ሲቀዳ ደሙ ቸኮሌት ይመስላል። ነገሩን ከጉድጓድ ውሃ ጋር ያያያዘው ኸንተር ኮምሊ የተባለ የአዮዋ ሐኪም ነው፣ በ1945 እ.ኤ.አ.። በጊዜ ሐኪም ቤት ከደረሰ ሜቲሊን ብሉ በሚባል መድኃኒት ይታከማል።

ለአዋቂዎችስ? ናይትሬት አዮዲን ወደ እንቅርት ዕጢ እንዳይገባ ይሻማል። የካንሰሩ ጉዳይ ገና በጥናት ላይ ነው፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ፣ ናይትሬቱ ሆድ ውስጥ ናይትሮሶ የሚባሉ ውህዶችን በሚፈጥርበት ሁኔታ «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» ከሚባሉት ተርታ አስገብቶታል።

አሁን ወደ ኩሽና። «አፍልተን ነው የምንሰጠው» የምትል እናት ጀርሙን ገድላለች፣ እሰየው። ናይትሬቱ ግን አይተንም። በሊትር 40 ሚሊግራም ያለበትን 2 ሊትር ውሃ አፍልታችሁ 1.5 ሊትር ቢቀር፣ መጠኑ ወደ 53 ወጣ፤ ገደቡን አለፈ ማለት ነው። ክሎሪንም፣ ውሃ አጋርም፣ በጨርቅ ማጥለልም አይነኩትም። የሚያወጡት ሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃውን በግፊት በስስ ሽፋን የሚያሳልፍ ማጣሪያ)፣ አዮን የሚለውጥ ማጣሪያና ማንጠር (እንፋሎቱን አቀዝቅዞ መልሶ ውሃ ማድረግ) ናቸው፤ ወይም ናይትሬቱ ዝቅ ያለ ውሃ ቀላቅሎ ማርገብ ይቻላል። ለሕፃኑ ከሁሉ የሚቀለው ጡት ነው፤ እናትየው የጠጣችው ናይትሬት ወደ ወተቷ ብዙም አያልፍም። የግድ የዱቄት ወተት ከሆነ፣ መበጥበጫው ናይትሬቱ ተለክቶ ዝቅተኛ የሆነ ውሃ ይሁን።

የግቢ ጉድጓድ ያላችሁ አስመርምሩ። ውጤቱን ስትቀበሉ አንድ ነገር አጣሩ፦ አንዳንድ ላቦራቶሪ የሚጽፈው ናይትሬቱን ሳይሆን በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ ነው። በዚያ አለካክ ገደቡ 50 ሳይሆን 11 ገደማ ነው፤ 20 የሚል ወረቀት ይዞ «ገና ነን» ብሎ የሚመለስ ሰው አይጠፋም።