የመስመር ግራፍ ምንድን ነው? የጣናን ከፍታ በማትፕሎትሊብ መሳል

የመስመር ግራፍ ልኬቶችን በነጥብ አስቀምጦ ነጥቦቹን በቀጥታ መስመር የሚያገናኝ ሥዕል ነው። መስመሩ ማስጌጫ አይደለም፤ ባልተለካበት ጊዜም መጠኑ በዚያ በኩል እንዳለፈ ይናገራል። የጣና የውኃ ከፍታ ለዚህ ይመቻል። ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሰፋ በአንድ ቀን ዝናብ ብድግ አይልም፤ ከሰኔ ጀምሮ እየሞላ መስከረም አካባቢ ጫፉ ላይ ይደርስና እስከ ግንቦት ቀስ እያለ ይጎድላል። የባሕር ዳር የዕለት ዝናብ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ሰኞ 40 ሚሊ ሜትር ጥሎ ማክሰኞ ጠብ ባይል፣ ሁለቱን ቀን የሚያገናኘው መስመር ያልዘነበ ዝናብ ያሳያል። ዝናብ በባር ግራፍ ይሳል።

በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ለዚህ ሥራ በጣም የታወቀው ላይብረሪ (የተዘጋጁ ትእዛዞች ስብስብ) ጆን ሃንተር እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ማትፕሎትሊብ ነው። ፕሎት ለተባለው ትእዛዝ ቀኖቹንና ከፍታዎቹን ይሰጡታል፤ እሱም በተሰጠው ቅደም ተከተል ያገናኛቸዋል። ራሱ አይደረድርም፤ ቀኖቹ ተዘበራርቀው ከገቡ መስመሩ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ እንደተተበተበ ክር ይሆናል። ያልተመዘገበ ቀን ካለ ረድፉን አትሰርዙት፤ ከሰረዛችሁት መስመሩ ክፍተቱን ዘሎ ያገናኝና በዚያ ቀን ልኬት ያለ ያስመስላል። በቦታው ናን (“ቁጥር የለም” የሚል ምልክት) ይግባ፣ መስመሩም እዚያ ይቆረጥ። በሁለት ናን መካከል ብቻዋን የቀረች ልኬት ግን የምትታየው ማርከር (የነጥብ ምልክት) ሲጨመር ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ቀን ላይ ነው። ቀኖቹ እንደ ጽሑፍ ከገቡ ማትፕሎትሊብ እንደ ስም ይቆጥራቸዋል፦ የሳምንትም የወርም ርቀት እኩል ይሆናል፣ ከሥር ያሉት ጽሑፎችም ይደራረባሉ። ፓንዳስ በተባለው የሠንጠረዥ መረጃ ላይብረሪ ወደ ቀን ዓይነት መለወጥ ይህን ይፈታዋል። መዝገቡ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ደግሞ ከሁሉ በፊት ወደ ጎርጎርዮሳዊው መቀየር አለበት። ፓይተን 13ኛ ወር ስለማያውቅ ጳጉሜን አይቀበልም፤ ጥቅምት 30ም እንደ ሁለተኛ ወር ተቆጥሮ ፌብሩዋሪ ላይ የሌለ 30ኛ ቀን ሆኖበት ይመለሳል። የከፋው ሌሎቹን ቀኖች ያለ አንድ ቃል ተቀብሎ በተሳሳተ ወቅት ላይ ማስቀመጡ ነው፤ የክረምቱ ሙላት በጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

በአማርኛ የጻፋችሁት ርእስ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከወጣ ችግሩ ፎንቱ ነው። መደበኛው ደጃቩ ሳንስ የግዕዝ ፊደል የለውም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ጫኑና የፎንት ቤተሰብ በሚለው ቅንብር ስሙን አስቀድሙ፤ ከ3.6 ጀምሮ ባሉት የማትፕሎትሊብ ስሪቶች ደጃቩን ተከታይ አድርጎ መዘርዘር ይቻላል። አሁን የተጫነ ፎንት አልገኝም ካለ ማትፕሎትሊብ ያስቀመጠውን የቆየ የፎንት ዝርዝር አጥፍታችሁ እንደገና አስነሱት።

ማሳመሩ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። የመስመሩ መደበኛ ውፍረት 1.5 ነው፤ በፕሮጀክተር ለሚታይ 2.5 ይሻላል። ሁለት ዓመት ስታወዳድሩ አንዱን ድፍን፣ ሌላውን የተቆራረጠ አድርጉት፤ በጥቁርና ነጭ ሲታተም ቀለም ብቻውን አይለያቸውም። ሌብል (የመስመሩን ስም) ብቻ መስጠት አይበቃም፤ ሌጀንድ (ስሞቹን የሚዘረዝረው ሳጥን) ካልተጠራ አይታይም።

ጣና ላይ የሚያጋጥም አንድ ግር የሚያሰኝ ነገር አለ። የአንድ ወር ልኬት ከባሕር ወለል በላይ ከ1786.2 እስከ 1786.8 ሜትር ባለው ውስጥ ከሆነ፣ ቋሚው ዘንግ 0.2፣ 0.3 እያለ ይጽፍና 1786ን ከላይ ጥግ ላይ በተደማሪ መልክ ያስቀምጠዋል። አንባቢ ሐይቁ ሃያ ሴንቲ ሜትር የቀረው ሊመስለው ይችላል። የዘንጉን ቁጥር አጻጻፍ በሚወስነው ትእዛዝ ዩዝኦፍሴት የሚለውን ፎልስ (ሐሰት) ማድረግ ሙሉውን ቁጥር ይመልሳል።

ለኅትመት በ300 ዲፒአይ (በኢንች 300 ነጥብ) አስቀምጡ። ሥዕሉን የሚያስቀምጠው ሴቭፊግ በመስኮት ከሚያሳየው ሾው በፊት ይጠራ፤ መስኮቱ ከተዘጋ በኋላ ከተጠራ የሚቀመጠው ባዶ ነጭ ሥዕል ነው።